የስንዴ ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና

አንድ ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ብቅ ይላል። ከእሱ በፊት የተነቃነቀ ጥርስ የለም፤ የወለቀም የለም። ስለዚህ ብዙ ወላጅ መውጣቱን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል፤ ያየውም ቢሆን ከወተት ጥርሶቹ እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። መንጋጋው ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቋሚ ጥርስ ነው። ተበልቶ ከተነቀለ የሚተካው የለም።

በጥርስ ክሊኒክ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶችና አባቶች «ግድ የለም ዶክተር፣ ይነቀልለት፤ ሌላ ይወጣለታል» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው። ሐኪሙም ያ ጥርስ ሌላ እንደማይወጣለት ያስረዳል። በዚያች ደቂቃ የወላጅን ፊት ማየት ያሳዝናል። ቸልተኛ ስለሆኑ የደረሰ ነገር አይደለም፤ ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው «የወተት ጥርስ ይወልቅ የለ?» ከሚለው አባባል ነው። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ከስድስት ወር ገደማ ጀምረው ይወጡና ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ላይ ይሟላሉ። የፊቶቹ ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ ይወልቃሉ፤ ልጁም ጣራ ላይ ወርውሯቸው ይደሰታል። የኋላዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ሁለት ዓመት ላይ የወጣ መንጋጋ፣ ልጁ አራተኛና አምስተኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ እህል ሲፈጭ ይኖራል ማለት ነው። ይህ ጥርስ ከተበላ ልጁ በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ ይጀምራል፤ ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል፤ ጠንከር ያለ ምግብ ሲቀርብለት ይገፋል። ቤተሰቡ «ምግብ አይወድም፣ መራጭ ነው» ይለዋል። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል የሦስት ዓመት ልጅ የሚናገረው እንዲህ በመግፋት ነው። ከሥሩ መግል ከቋጠረ ደግሞ ከበታቹ በመፈጠር ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። ያለጊዜው ከተነቀለም ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ክፍተቱን ይዘጉትና ተተኪው መውጫ አጥቶ ተጣምሞ ይወጣል።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የወተት ጥርሳቸው የተበላባቸው ልጆች ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከ514 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ገልጿል። በተገቢው ጥንቃቄ ሊቀር የሚችል ሕመም ይህን ያህል ልጅ ማሰቃየቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ጥርስ የሚበላው ትል ገብቶበት አይደለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ከጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ያሟሟል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን አርግቦ የሟሟውን መልሶ ይሞላል። ልጁ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ በልቶ በመሃል አፉ ካረፈ ምራቁ ሥራውን ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ብስኩት ሲቆረጥም፣ ከረሜላ ሲመጥ፣ ጁስ ሲጎነጭ የሚውል ልጅ ግን አፉ አያርፍም። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ስኳር የገባበት ወተት፣ ጣፋጭ አጥሚት ወይም ሻይ በጡጦ ይዞ በሚያንቀላፋ ልጅ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠቁት የላይኛዎቹ አራት የፊት ጥርሶች ናቸው፤ የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ይከላከሉላቸዋል።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ወላጅ ዛሬ ማታ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ልጁን ጭንዎ ላይ አጋድመው የላይኛ ከንፈሩን በጣትዎ ገለጥ ያድርጉት። ጥርሱና ድዱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጠመኔ የመሰለ፣ የማያንጸባርቅ ነጭ መስመር ካዩ መበላት የጀመረ ጥርስ ነው። ገና ጉድጓድ ስላልሆነ ጡጦውን በማቆምና ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና በመቦረሽ ሊገታና ሊመለስ ይችላል። ወደ ቡናማነት ከተለወጠ ወይም ከተሸረፈ ግን ጊዜ ሳያባክኑ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ቤተሰብ የሚነቃው ጥርሱ ጠቁሮ ሲያይ ነው፤ ነጩ መስመር ግን ከዚያ ብዙ ወራት በፊት እዚያው ነበር።

ወደ ሳሙናው ልምጣ። ሱፐርማርኬት ውስጥ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መደርደሪያው ፊት ቆማ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ።

«እህት፣ ለልጅ የሚሆን ኮልጌት አላችሁ?»

«አለ። የእንጆሪ ጣዕም ያለው አለ፣ የማስቲካም አለ።»

«ቢውጠውስ ችግር የለውም?»

«ኧረ ምንም አይለው፤ የልጅ እኮ ነው።»

ሻጯ በቅንነት ነው የመለሰችው። ግን «የልጅ ነው» የሚለው መልስ ምንም አይነግረንም። በቲዩቡ ላይ ያለው የካርቱን ሥዕል በውስጡ ምን ያህል ፍሎራይድ እንዳለ አይገልጽም። እዚያው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተደረደሩት የልጆች ሳሙናዎች አንዱ ምንም ፍሎራይድ የሌለው፣ ሌላው 500 ፒፒኤም (ፒፒኤም የፍሎራይድ መጠን መለኪያ ነው)፣ ሦስተኛው ከ1000 ፒፒኤም በላይ ያለው ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን እንጆሪ እንጆሪ ይሸታሉ።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ለልጅ የሚመረጠው የሳሙና ስምና ጣዕም ከምናስበው በታች ነው ዋጋው፤ ብሩሹ ላይ የሚደረገው መጠንና ብሩሹን የሚይዘው እጅ ደግሞ ከምናስበው በላይ ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ለሚያድግ ልጅ ግን ከሁለቱም በፊት የሚጠጣው ውሃ ይመጣል።

ፍሎራይድን በተመለከተ ብዙ ወላጅ ግራ መጋባቱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የሚሰማው ወሬ ሁሉ ግማሽ እውነት አለበት። ነገሩ የታወቀበት መንገድ ራሱ ይህን ያሳያል። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሥራ ሲጀምር፣ በአካባቢው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ በልዞ አገኘው። ምክንያቱን ሲፈልግ ዓመታት ፈጁበት። የገረመው ደግሞ እነዚያ የበለዙ ጥርሶች ከሌላው ሰው ጥርስ ያነሰ መበላታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ኤች. ቪ. ቸርችል የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ በእንዲህ ዓይነት አካባቢዎች ውሃ ውስጥ ከፍተኛ ፍሎራይድ መኖሩን አረጋገጠ። በኋላም ትሬንድሊ ዲን በአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን ጥርስን ብዙም ሳያበልዝ ከመበላት እንደሚከላከል አሳየ። እንግዲህ ያው አንድ ንጥረ ነገር፣ በትንሹ ሲሆን ጥርስ ያጠነክራል፤ ሲበዛ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛ ደግሞ አጥንት ይጎዳል።

ስለዚህ ቲዩቡን ገልብጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ቁጥሩን በፒፒኤም ይጽፉታል። 1000 ፒፒኤም ማለት በ1 ግራም ሳሙና ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ አለ ማለት ነው። አንዳንዶቹ ይህን ትተው የንጥረ ነገሩን ስም በመቶኛ ያስቀምጣሉ፤ ሶዲየም ፍሎራይድ 0.22 በመቶ ከሆነ 1000 ፒፒኤም ያህል ነው፣ 0.32 በመቶ ከሆነ 1450፣ 0.11 በመቶ ከሆነ ደግሞ 500 ብቻ ነው። ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት የሚል ከሆነ 0.76 በመቶው 1000 ፒፒኤም ይሆናል። ከ1000 በታች የሆነው ጥርስን ከመበላት ለመከላከል ያለው አቅም አስተማማኝ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ያለውን የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶታል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረውን የቲዩቡን ጫፍ ቀለም ወሬ መስማት አያስፈልግም። አረንጓዴም ሆነ ጥቁር፣ ያ ምልክት ማሸጊያው ማሽን የት ላይ እንደሚቆርጥ የሚያውቅበት ነው እንጂ ስለ ይዘቱ የሚለው ነገር የለም።

መጠኑ ነው ዋናው። ከመጀመሪያው ጥርስ ጀምሮ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚመክረው በሩዝና በአተር ፍሬ ልክ ነው። የስንዴ ፍሬ የምታህለው ወደ 0.1 ግራም ትመዝናለች፤ ሳሙናው 1000 ፒፒኤም ከሆነ በውስጧ ያለው ፍሎራይድ 0.1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ልጁ ጠዋትና ማታ ሙሉ በሙሉ ቢውጠው እንኳ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። በማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ከብሩሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሞ የሚቀመጠው ሳሙና ግን ከዚህ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ ጣዕም ያለው ሳሙና የሚያሳስበኝም በዚህ ነው፤ ልጁ ይወደውና እንደ ከረሜላ ይልሰዋል፤ ቲዩቡ እጁ ከገባ ጨምቆ ይበላዋል። ቲዩቡ ከልጅ እጅ መራቅ አለበት፤ የሚጨምቀውም ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይሁን።

ይህን ካወቅን ለቤተሰቡ ሁሉ የተገዛው ተራ የፍሎራይድ ሳሙና ለሕፃኑም እንደሚሆን እንረዳለን። በኑሮ ውድነት ለተጨነቀ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሥዕሉ ተብሎ የሚከፈለው ብር ለብሩሽ ይዋል። ጥርስ ያነጣሉ የሚባሉትና ከሰል የገባባቸው ሳሙናዎች ግን ሻካራ ስለሆኑ ከልጅ ይራቁ። ለልጁ የሚገዛው ብሩሽ ራሱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ መሆን አለበት።

የሚቦርሸው ማን ነው? «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ራሱ ይቦርሻል» የሚል ኩራት በብዙ ቤት አለ። የአራት ዓመት ልጅ እጁ ገና አልበረታም፤ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርጎ ይጨርሳል። የኋላ መንጋጋ ላይ ያሉትን ስንጥቆች አይደርስባቸውም፤ በብዛት የሚበሉት ደግሞ እነሱ ናቸው። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ ትልቅ ሰው ሊቦርሽለት ይገባል። ልጁ መጀመሪያ ይሞክር፣ ከዚያ እናት ወይም አባት፣ ወይም ታላቅ እህት ይጨርሱለት። ከኋላው ቆሞ ራሱን ደረት ላይ አስደግፎ መቦረሽ ፊት ለፊት ቆሞ ከመታገል ይቀላል። ከጠዋትና ከማታ የማይዘለለው የማታው ነው፤ ከእሱ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይሰጠው። ሲጨርስ ተፍ ይበል እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፤ መጉመጥመጥ ሊሠራ የተቀባውን ፍሎራይድ አጥቦ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ እንሂድ። ወንጂ፣ መተሐራ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ እስከ ሐዋሳ ዙሪያ ያለው ምድር እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃም በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. የአገሪቱ ስኳር ኢንዱስትሪ የተጀመረባት ቦታ ናት። ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ከኖሩ የእርሻው ሠራተኞች መካከልም ጥርሳቸው በልዞ ብቻ አልቀረም፤ አጥንታቸው ተጎድቶ ጀርባቸው የደረቀና መታጠፍ ያቃታቸው ነበሩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ደክመው ጽፈዋል።

በዚህ አካባቢ የሚያድግ የሁለት ዓመት ልጅ በሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ካለው ውሃ በቀን ግማሽ ሊትር ቢጠጣ 1.5 ሚሊ ግራም ወደ ሰውነቱ ይገባል። ይህ ጠዋትና ማታ የስንዴ ፍሬ የምታህለውን ሳሙና ቢውጥ ከሚያገኘው ፍሎራይድ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። የላይኛዎቹ ቋሚ የፊት ጥርሶች ሽፋን የሚሠራው ደግሞ ልጁ ከተወለደ ከጥቂት ወራት በኋላ ጀምሮ እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ድረስ፣ ገና ድድ ውስጥ ሳሉ ነው። ሰባት ዓመት ላይ በልዘው ሲወጡ የምናየው ያኔ የጠጣውን ውሃ ነው። እዚያ የሚኖር ቤተሰብ ሐኪም አማክሮ ፍሎራይድ የሌለው ሳሙና ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ሳሙና መቀየር ብቻውን ግን ልጁን አያድነውም።

በዚህ ላይ በጣም የተስፋፋ አንድ ስህተት አለ፤ ውሃ ማፍላት። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ይቀርና መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያም፣ ተራ ማጣሪያም አይነካውም። የሚሠሩት ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚዘጋጅ ማጣሪያና አክቲቬትድ አሉሚና የመሳሰሉት ናቸው፤ እነሱም ጊዜያቸው ሲያልፍ መታደስ አለባቸው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ በንጽሕና የተጠራቀመ ውሃ ለትንንሾቹ ልጆች ቢቀመጥ ትልቅ ጥቅም አለው። የእናት ጡት ወተትም እናትየው ያንኑ ውሃ እየጠጣች እንኳ ፍሎራይዱ በጣም ትንሽ ነው። በጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ግን የውሃውን ፍሎራይድ እንዳለ ይዞ ለሕፃኑ ይደርሳል። ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ የሚለው ምክር በስምጥ ሸለቆ ተጨማሪ ምክንያት አለው።

መፋቂያን በተመለከተ ወይራውና ክትክታው ለትልቅ ሰው መልካም ናቸው፤ በትክክል ከተፋቁ ጥርስ ያጸዳሉ። ለሦስት ዓመት ልጅ ድድ ግን ሻካራ ናቸው፤ ፍሎራይድም አይሰጡም። ለሕፃን የሚሻለው ለስላሳ ብሩሽ ነው፤ ጥርስ ከመውጣቱ በፊትም ድዱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ከልማዶቻችን ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው ግግ ማስነቀል ነው። አራት አምስት ወር ሲሆነው ሕፃኑ ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ድዱ ሲታይ የክራንቻው ቦታ ነጣ ብሎ አብጧል። ጥፋቱ የዚያ እብጠት ነው ተብሎ በጋለ ብረት ወይም በሹል ነገር ተቆፍሮ ይወጣል። የወጣው ግን ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው። ሕፃኑ ሊደማ፣ በቴታነስና በሌላ ኢንፌክሽን ሊሞት ይችላል፤ ቢተርፍም ከሥር ያለው ቋሚ ክራንቻ ሊበላሽ ይችላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የጎደሉ ክራንቻዎችና ቅርጻቸው የተበላሸ ጎረቤት ጥርሶች አግኝተው በሕክምና መጽሔት ዘግበዋል። በልጆቹ ላይ የደረሰው ጉዳት ባሕር ተሻግሮ አብሯቸው ሄዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያስቀጣል። ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ.፣ ዚንክና ጡት ማጥባትን አለማቋረጥ ነው። አያቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለልጅ ልጃቸው ሳስተው ነው፤ ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን ቁጭ ብሎ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ ጥርሱ ነው» ብሎ አሳይቶ መነጋገር ይበልጥ ይሠራል።

ወላጅ ብቻውን የማይወጣው ነገርም አለ። ከውጭ የሚገባ የጥርስ ሳሙና ሁሉ የፍሎራይድ መጠኑና ለየትኛው ዕድሜ ምን ያህል እንደሚበቃ በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ተለጥፎበት እንዲሸጥ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊያስገድድ ይገባል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ የውሃ ጽሕፈት ቤቶችም የእያንዳንዱ ጉድጓድ የፍሎራይድ መጠን ስንት እንደሆነ ቦኖው ላይ ጽፈው ይለጥፉ፤ እናት ውሃ ስትቀዳ ታንብበው።

ከከተማ ሲወጡ የጥርስ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግን በየቀበሌው አለች። ዘጠኝ ወር ላይ ለኩፍኝ ክትባት የሚመጣ ሕፃን ብዙ ጊዜ ጥርስ ማውጣት ጀምሯል፤ 15 ወር ላይ ለሁለተኛው ሲመለስ ደግሞ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ወጥተዋል። ከንፈሩን ገልጣ ብታይ፣ ነጭ መስመር ካለ ለእናትየው ብታሳያት፣ በጡጦ ምን እንደሚጠጣና ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ብትጠይቅ፣ የሚበቃውን የሳሙና መጠን ብሩሽ ላይ አድርጋ ብታሳይ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቢወስድባት ነው። የጤና ሚኒስቴር በክትባት ካርዱ ላይ ለጥርስ አንድ መስመር ይጨምርላት።